ጃርት ያልጻፈው ምንጭ

ጠጋ፣ ጠጋ በሉ እንጂ። ከኋላ ያላችሁት ትሰሙኛላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔም የሰማሁትን ሳላስቀር እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው አውሬውም ወፉም፣ ቅሉም ብዕሩም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ዋንዛ በር የሚባል ቆላ ነበር። በዋንዛ በር መሀል አንድ ወንዝ ይፈሳል። በወንዙ ግራና ቀኝ አራዊቱ ተጎራብተው ይኖራሉ። ዳኛቸው አያ አንበሶ ነው። ጸሐፊያቸው ጃርት ነው።

በዚያ ቆላ መጻፍ የሚችል ከጃርት በቀር አልነበረም። ከጀርባው አንድ እሾህ ይነቅልና ጫፉን በጥርሱ ይቀርጸዋል፤ ብዕር ይሆናል። ጥላሸትና የግራር ሙጫ በቅል ይበጠብጣል፤ ቀለም ይሆናል። የዛፍ ልጣጭ ያደርቅና በድንጋይ ይፍቀዋል፤ መጻፊያ ይሆናል። ማን ከማን እንደተጋባ፣ የማን ጉድጓድ ከማን ጉድጓድ እንደሚዋሰን፣ አያ አንበሶ ምን ብሎ እንደፈረደ ጃርት ይጽፋል። ፊደሉ ሲያምር! ያየው ሁሉ "እጅህ ይባረክ" ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ነበረበት። ጃርት መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ይፈራል። ንጹሑ ልጣጭ ፊቱ ሲዘረጋ ብዕሩን መልሶ ያስቀምጠዋል። "ባበላሸውስ?" ይላል ለራሱ። ይነሣል፤ ይንጎራደዳል፤ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሣል። አንዴ ከጀመረ ማንም አያቆመውም። መጀመሩ ነው ጭንቁ። ይህን ጭንቁን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ጸሐፊ መጻፍ ይፈራል ቢባል ማን ያምናል?

በዚያው ቆላ ከአንድ ሾላ ሥር አንዲት ኤሊ ትኖር ነበር። እማማ ኤሊ ይሏታል። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም። የአያ አንበሶን አያት በግልገልነቱ አጫውታዋለች ይባላል። እማማ ኤሊ ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች። በልጅነቷ ወንዙ ድርቅ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ የዋንዛ በር አራዊት ከአንዱ ስውር ምንጭ ወደ ሌላው ስውር ምንጭ እየተጓዙ ነው ነፍሳቸውን ያተረፉት። አንዱ ምንጭ ከቋጥኝ ሥር ነው፤ አንዱ ከዋሻ ውስጥ ነው፤ አንዱ ካልቆፈሩለት አይወጣም። ያን መንገድ ከሄዱት መሀል በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ዝናቡ ካቻምና አነሰ። አምና ደግሞ ከካቻምና አነሰ። ወንዙ ቀጠነ። አያ አንበሶ ይህን አየና ጉባኤ ጠራ። ዝሆኑ መጣ፤ ጎሹ መጣ፤ ሚዳቋ መጣች፤ ጦጣው፣ ቀበሮው፣ ወፉ ሁሉ መጣ።

"ጃርት!" አለ አያ አንበሶ።

"አቤት ጌታዬ!"

"የእማማ ኤሊን ቃል ጻፍ። ምንጮቹን አንድ ሳታስቀር፣ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ጻፍ። ወንዙም ቀጥኗል፣ እማማም አርጅታለች።"

"እጽፋለሁ ጌታዬ!"

"መቼ ታደርስልናለህ?"

ያ ሁሉ ዓይን በጃርት ላይ አረፈ። ጃርት ሰው ሲያየው ደረቱ ይነፋል። እሾሁ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"በየቀኑ ሰባት ሰባት ልጣጭ እሞላለሁ!" አለ። "አዲስ ጨረቃ ሳትወጣ እጨርሳለሁ!"

ጉባኤው "እሰይ! እሰይ!" አለ። እማማ ኤሊ ብቻ አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ ቀስ አድርጋ አወጣችና፣ "ሰባቱን ምን ታደርገዋለህ ልጄ?" አለችው። "በቀን አንድ ምንጭ ይበቃናል። እኔም ይደክመኛል፤ አንተም ትሰለቻለህ።"

"የለም እማማ! ሰባት ብያለሁ፤ ሰባት ነው!"

በማግስቱ ጃርት ማልዶ ተነሣ። እሾህ ነቀለ፤ ቀረጸ። ቀለም በጠበጠ። ልጣጩን ጠቀለለና ወደ ሾላው ጉዞ ጀመረ።

"ፍጠን! ፍጠን!" ይላል ብዕሩ። ገና መቀረጹ ነው፤ አላስችል ብሎታል።

"ኧረ ቀስ! ታፈሰኛለህ!" ትላለች የቀለሙ ቅል።

እንዲህ እየተባባሉ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ በስተግራ ካለ ግራር ላይ ቁራ "ቋ!" አለ።

"ወንድሜ ጃርት! በማለዳ ወዴት ነው?"

"የእማማ ኤሊን ቃል ልጽፍ።"

"ዛሬ? እኔ በግራህ ጮኼብህ?" ቁራ ክንፉን አጣጥፎ ራሱን ነቀነቀ። "አይ ወንድሜ! ይሄማ ገድ የለውም። ቁራ በግራ የጮኸበት ቀን የተጀመረ ጽሑፍ የጸሐፊውን ዓይን ይዞ ይሄዳል። አባትህ አልነገሩህም?"

ቁራ ለጃርት ዓይን ተጨንቆ አይደለም። ወንዝ ሲደርቅ፣ ከብቱም አውሬውም ሜዳ ላይ ሲወድቅ፣ ማን እንደሚጠግብ ቁራ አሳምሮ ያውቃል። ጃርት ግን ይህን አላሰበም። ደነገጠ። ከድንጋጤው ሥር ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ሽው አለበት፤ እንግዲያው ዛሬ አለመጻፍ ይቻላላ!

"እንኳን ነገርከኝ" አለና ተመለሰ።

"ምን ሆነህ ነው የምትመለሰው?" አለ ብዕሩ።

"ነገ ዐሥራ አራት እጽፋለሁ። የዛሬውንም የነገውንም።"

በነጋው ቁራ ከግራ ጮኸ። ጃርት ተመለሰ። "ነገ ሃያ አንድ እጽፋለሁ" አለ። በነጋው ቁራ አሁንም ከግራ ጮኸ። ጃርት አሁንም ተመለሰ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ያልተጻፈው ይከመራል፤ ያልተጻፈው በተከመረ ቁጥር ጃርት ይበልጥ ይፈራል። መጀመሪያ ሰባት ልጣጭ ነበር የሚያስፈራው፤ አሁን ተራራ ሆኖ ፊቱ ቆመ። አዲስ ጨረቃም ወጣች።

ቅሏ ናት በመጨረሻ የተቆጣችው። "እየረጋሁ ነው እኮ!" አለች። "ቁራ በግራ እንዳይጮህብህ ከፈለግህ በጫካው ዙር! እዚያ ግራር የለም፤ ቁራም አይቀመጥም!"

ጃርት አፍሮ በጫካው በኩል ሄደ። ቁራ አልጮኸም። ነገር ግን እመት ጦጢት ከሐረግ ላይ ተንጠልጥላ አገኘችው።

"ጋሼ ጃርት! እንዴት አደርክ? እስቲ ያቺን ብዕርህን አሳየኝ። ውይ ሲያምር! ከየት አገኘኸው?"

"ከጀርባዬ ነቀልሁት።"

"ነቀልሁት?" እመት ጦጢት አፏን በእጇ ያዘች። "ተነቅሎ የመጣ ብዕር ቂመኛ ነው ጋሼ! ቃሉን ያጣምማል። 'ቀኝ' ብለህ ስትጽፍ 'ግራ' ይለዋል። ታላላቆቹ ጸሐፊዎች የሚጽፉት ራሱ ወዶ በወደቀ እሾህ ነው። እሱም ወደ ፀሐይ መውጫ የወደቀ እንደሆነ ነው።"

"ኧረ እኔ ቂም የለኝም!" ብሎ ጮኸ ብዕሩ። "ማን ነው ቂም አለው ያለው?"

"አየህ?" አለች ጦጢት። "ገና ሳትጽፍበት ይቆጣል።"

እመት ጦጢት ስለ ብዕር ምን ታውቃለች? ምንም አታውቅም። የምታውቀው ጃርት ሥራ ሲፈታ ጎደሬ መቆፈር እንደሚወድ፣ ከቆፈረውም እኩሌታውን መሬት ላይ ትቶት እንደሚሄድ ነው። ጃርት ሲጽፍ ከዋለ ጎደሬ የለም። ጃርት ቁጭ ብሎ እሾህ እስኪወድቅለት ከጠበቀ ግን ጎደሬ ሞልቷል።

ጃርት ጠበቀ። በተኛበት እሾህ ወድቆ ሲያገኝ ጦጢት ትመጣና "ይሄ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው የወደቀው" ትላለች። ደግሞ ሌላ ሲወድቅ "ይሄስ ወደ ሰሜን ያደላል" ትላለች። ጃርት ይቆፍራል፤ ጦጢት ትበላለች። ወንዙ ይቀጥናል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጃርት ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር ሳሩን እየገፋ ሲመጣ አየ። እማማ ኤሊ ናት። ከሾላው እስከዚያ ድረስ በእሷ እርምጃ ረጅም መንገድ ነው። አፏ ደርቋል፤ እግሯ አቧራ ለብሷል።

"ብጠብቅህ ብጠብቅህ ቀረህብኝ" አለች። "እኔ መጣሁ።"

ጃርት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"እማማ፣ ብዕሩ እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ልጄ፣" አለች፣ "አንዱ ምንጭ ከሌላው እየተምታታብኝ ነው። ትናንት የዋሻውን ምንጭ ከቋጥኙ ምንጭ ፊት አደረግሁት። ቁጭ ብዬ እንደገና ከልጅነቴ ስጀምር ነው የታረመልኝ። አንድ ቀን ላይታረምልኝ ይችላል።"

ጃርት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። መጀመሪያ የቀረጸውን፣ የተነቀለውን ብዕር አነሣ። ቅሏን ከፈተ። ልጣጩን ዘረጋ። እንደፈራ ጀመረ። እመት ጦጢት ከዛፉ ላይ "ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ኋላ እንዳትጸጸት!" እያለች ጮኸች። ጃርት አልሰማትም።

እማማ ኤሊ ተናገረች፤ ጃርት ጻፈ።

"ከወንዙ ማዶ ከቀዩ ቋጥኝ ስትደርሱ ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጉ። የተቃቀፉ ሁለት ዋርካዎች ታያላችሁ። ከሥራቸው እስከ ጉልበት ቆፍሩ። መጀመሪያ ጭቃ ይወጣል፤ ተስፋ አትቁረጡ። ከጭቃው በኋላ ውሃ ነው።"

አንድ ምንጭ ተጻፈ። ጃርት ቀና ሲል ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። "ሌላውንስ?" አላት።

"ሌላውን ነገ" አለች። "ሰባቱን እርሳው።"

ከዚያ ወዲያ መልካም ጊዜ መጣ። በየማለዳው ጃርት ወደ ሾላው ይሄዳል፤ እማማ ኤሊ አንድ ምንጭ ትነግረዋለች፤ እሱ ይጽፋል። ውሃውን ብቻ አልነበረም የምትነግረው። በዋሻው ምንጭ ጎን እህቷ እንዴት እንደተሰናከለችና ሦስቱ ጉሬዛዎች እንዴት ተጋግዘው እንዳነሷት ነገረችው። ከኮረብታው ምንጭ ደርሰው የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲጠጡ አሮጌው ዝሆን እንደ ሕፃን ማልቀሱን ነገረችው። ጃርት እየጻፈ ይስቃል፤ እየጻፈ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እናቱ በልጅነቱ ነበር የሞተችበት። እማማ ኤሊ "ልጄ" ባለችው ቁጥር በሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይሞቃል። መፍራቱም ቀረለት። ብዕሩ ይዘፍናል፤ ቅሏ "ዛሬስ ጥሩ ሠራን" ትላለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ምንጭ ብቻ ቀረ።

"ነገ የመጨረሻውን እነግርሃለሁ" አለች እማማ ኤሊ። "ትልቁ እሱ ነው። ሌሎቹ ቢጠጧቸው ያልቃሉ፤ እሱ አያልቅም። እሱን ከነገርኩህ በኋላ አርፋለሁ።"

አርፋለሁ አለች። ጃርት ብዕሩን ጠርጎ፣ ቅሏን ከድኖ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ያ ቃል ከኋላው ይከተለው ጀመር። አርፋለሁ። ምን ማለቷ ነው? መቀመጥ ነው? መተኛት ነው? ወይስ...

አባቱን አስታወሰ። አባቱ በስተርጅናው የሚያውቀውን የአያቶቻቸውን ታሪክ ጽፎ በጨረሰ ሰሞን ነበር አልጋ ይዞ የሞተው። እንግዲያው እንዲህ ነዋ! የአዛውንት ቃል ተጽፎ ያለቀ ዕለት አዛውንቱም ያልቃል። ቃሉ እስኪያልቅ ነው ሞት የሚጠብቀው። የመጨረሻው መስመር ካልተጻፈ እማማ ኤሊ አትሞትም።

ይህን ቁራ አልነገረውም። ጦጢትም አልነገረችውም። ራሱ አሰበው፤ ራሱ አመነው። ከሌላ የሰማነውን ሟርት ሌላ ሰው ያስጥለናል፤ ከገዛ ልባችን ያወጣነውን ግን ማን ያስጥለን?

በማግስቱ ባዶ እጁን ሾላው ሥር ደረሰ።

"ቀለሙ አለቀ እማማ።"

ቤት ቀርታ የነበረችው ቅል ማታ ይህን ስትሰማ፣ "እኔ አለቅሁ? እስከ አንገቴ ሙሉ አይደለሁም?" አለችው። ጃርት ክዳኗን መለሰባት።

በሌላው ቀን "ብዕሩ ተሰበረ" አለ። ብዕሩ "እኔ ደህና ነኝ! እማማ፣ ደህና ነኝ!" ብሎ ከጉያው ውስጥ ሊጮህ ሲል አፉን በመዳፉ አፈነው።

በሌላው ቀን "ልጣጭ አልደረቀልኝም" አለ።

እማማ ኤሊ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ዓይኖቿ ትናንሽ ናቸው፤ ግን ያያሉ።

"ፈርተሃል ልጄ?"

"የለም እማማ።"

"እኔ እንደሆንሁ አርጅቻለሁ። ስላልጻፍክ አልቀርም፤ ስለጻፍክም አልሄድም። የምሄደው ቀኔ ሲደርስ ነው።"

"እንዲህ አይበሉ እማማ። ነገ እጽፋለሁ። በእርግጠኝነት ነገ።"

"መጻፉ ይቅር እሺ" አለች። "ዝም ብለህ ስማኝ። በጆሮህ ያዝልኝ፤ ይበቃኛል። ከመጨረሻው ኮረብታ ስትወርዱ..."

"አይንገሩኝ!"

ጃርት ሁለት ጆሮዎቹን በሁለት መዳፎቹ ደፈነ። እማማ ኤሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፅዋን አይሰማም። የሆነ ነገር እያለች ነው። አቅጣጫውን ልታሳየው እጇን ማንሣት ጀመረች። ጃርት ዓይኑንም ጨፈነ። ከዚያ ዞረና ሮጠ። ሮጦ ሮጦ ቤቱ ገባና፣ "አዳንኋት" አለ ለራሱ። "ዛሬንም አዳንኋት።"

በነጋው ሲሄድ እማማ ኤሊ ከሾላው ሥር ነበረች። አንገቷ ወደ ውስጥ ገብቷል።

"እማማ" አለ። መልስ የለም። "እማማ፣ ብዕሩን አምጥቻለሁ። ቅሏንም አምጥቻለሁ።" መልስ የለም። ቀረብ ብሎ ድንጋይ ልብሷን ነካት። ቀዝቅዛለች።

የዋንዛ በር አራዊት ሁሉ አለቀሱላት። ከሾላው ሥር ቀበሯት። ከቀብር መልስ አያ አንበሶ እጁን በጃርት ትከሻ ላይ አድርጎ፣ "እንኳንም ቃሏን ጻፍክልን" አለው። "አንተ ባትኖር ይሄኔ ምን ይውጠን ነበር?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። "ጌታዬ፣ አንዱ ቀርቷል" ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተ። ሁሉም "እጅህ ይባረክ" ይሉት ጀመር። አፉን ዘጋ። ምናልባት ይዘንብ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዘነበ ማንም አያውቅም።

አልዘነበም።

ወንዙ መጀመሪያ ተቆራርጦ ኩሬ ሆነ፤ ከዚያ ጭቃ ሆነ፤ ከዚያ የተሰነጠቀ መሬት ሆነ። አያ አንበሶ "እንነሣ" አለ። የዋንዛ በር አራዊት ትልቅ ትንሹ ተነሣ። ጃርት ልጣጮቹን በጀርባው ተሸክሞ ፊት ፊት ይሄዳል። ከቀዩ ቋጥኝ ሲደርሱ "አንብብልን" አሉት። አነበበ። ፀሐይን በጀርባቸው አደረጉ፤ የተቃቀፉት ዋርካዎች አሉ። ቆፈሩ፤ ጭቃ ወጣ። ቆፈሩ፤ ውሃ ወጣ።

ያን ጊዜ የነበረውን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሚዳቋ ግልገሏን አቅፋ አጠጣች። ግልገሏ ገና ቀንድ ያላወጣች፣ እግሯ የሚንቀጠቀጥ ሚጢጢ ናት። ሚዳቋ ውሃው ከአፏ እየተንጠባጠበ፣ "ጋሼ ጃርት፣ ዕድሜህ ይርዘም" አለችው። ጃርት ፊቱን አዞረ።

ያ ምንጭ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ሄዱ። ያም ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። በደረሱበት ሁሉ ጃርት ያነባል፤ በደረሱበት ሁሉ ውሃ ይገኛል፤ በደረሱበት ሁሉ ይመርቁታል። ምርቃቱ እንደ ገዛ እሾሁ ወደ ውስጥ ይወጋዋል። በእጁ ያለው ልጣጭ እየሳሳ ሄደ።

በመጨረሻ ከመጨረሻው ኮረብታ ደረሱ። እዚያ ያለው ምንጭ ትንሽ ነበር። ጠጡት፤ አለቀ።

"ቀጥሎስ?" አለ አያ አንበሶ።

ጃርት የመጨረሻውን ልጣጭ ጠቀለለ።

"ጃርት፣ ቀጥሎስ? አንብብ እንጂ።"

"የለም ጌታዬ።"

"ምኑ የለም? ምንጩ ነው የለም?"

"ምንጩ አለ። ጽሑፉ ነው የሌለው።"

ከዚያ ሁሉን ተናገረ። እማማ ኤሊ ልትነግረው እንደነበር፣ እሱ እንዳልጻፈ፣ ጆሮውን እንደደፈነ ተናገረ። የሚናገረው መሬት መሬቱን እያየ ነው። ሲጨርስ አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩበት። ቢጮሁበት፣ ቢረግጡት ይሻለው ነበር።

"እጇን ወደየት ነበር የዘረጋችው?" አለ ዝሆኑ ቀስ ብሎ።

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

ተበተኑ። ዝሆኖቹ ወደ አንድ ወገን፣ ጎሾቹ ወደ ሌላ ወገን፣ ቀበሮዎቹ ወደ ገደሉ ሄዱ። መሬቱን ቆፈሩ፤ አለቱን አሸተቱ። ጃርት ጥፍሩ እስኪደማ ቆፈረ። የቆፈረው ሁሉ አቧራ ነው። የሚዳቋ ግልገል በእናቷ ጥላ ውስጥ ተኝታ ነበር። መጀመሪያ ታቃስት ነበር፤ ኋላ ማቃሰቷን ተወች።

ጃርት በጭብጡ እርጥብ ሥር ይዞ መጣ፤ ሊጨምቅላት። ሚዳቋ ቀና ብላ አየችው።

"ተወው" አለች። "አሁን አትጠጣም።"

ጃርት እዚያው ቆመ።

"እማማን ከሞት ልታድናት ነበር?" አለችው ሚዳቋ።

"አዎ።"

"አልዳነችም።" ግልገሏን ላሰቻት። "ልጄ ግን ትድን ነበር።"



ቆይቶ ቆይቶ ዝናቡ መጣ። ሲመጣ ግን ብዙዎቹ አልነበሩም። የቀሩት ወደ ዋንዛ በር ተመለሱ። አያ አንበሶ ጃርትን አልቀጣውም። "በምን ልቅጣህ?" ነው ያለው። ጃርትም መጻፍ ተወ። ብዕሩ በጉድጓዱ ጥግ ወድቆ ዝም አለ። ቅሏም ደርቃ ዝም አለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሚዳቋ ከጉድጓዱ አፍ መጥታ ቆመች። ጃርት ሲያያት ወደ ጥጉ ሸሸ።

"ሽማግሌው ጎሽ ታሟል" አለችው። "ከበሽታ የሚያድኑትን ቅጠሎች ከእሱ በቀር የሚያውቃቸው የለም። ተነሥ።"

"እኔን ነው የምትጠሪው? እኔን?"

"መጻፍ የሚችል ሌላ አለ?"

ጃርት ተነሣ። ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ አልጠየቀም። ቀለሙን በምራቁ አራሰ፤ ያገኘውን ልጣጭ ይዞ ሮጠ። ጎሹ እያቃሰተ ተናገረ፤ ጃርት ጻፈ። መጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ጃርት ብዕሩን ከልጣጩ ላይ አነሣ። ያ የድሮ ፍርሃት ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ ያዘው። ሚዳቋ አጠገቡ ቆማለች። የመጨረሻውን ቃል ጻፈ። ጨረሰ። ብዕሩን አስቀምጦ ጎሹን ተመለከተ፤ አሁን ይሞታል ብሎ ጠበቀ።

ጎሹ ተነፈሰና፣ "ቀለል አለኝ" አለ። እንቅልፍ ወሰደው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ውሃ ለመነ። ከሳምንት በኋላ ቆሞ ሄደ። ከዚያም ብዙ ክረምት ኖረ፤ ልጅ የልጅ ልጅ አየ።

ጃርትም በቀረው ዘመኑ ሁሉ ጽፏል፤ አንድም ቀን አልዘለለም ይባላል። ግን ሽማግሌው ጎሽ ከነልጅ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲግጥ ባየው ቁጥር ብዕሩን ያስቀምጥና ፊቱን በመዳፎቹ ይሸፍን ነበር። የአላፊ አግዳሚው ግልገል "ጋሼ ጃርት ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ እናቶቹ ዝም በሉ ይላሉ።

ያ የማይነጥፍ ምንጭ እስከ ዛሬ ድረስ ከአንድ ቦታ እየፈለቀ ነው። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ቀኑም፣ ገዱም፣ ብዕሩም ሰበብ ነው፤ ትልቅ ትልቅ ዕቅድም ካልጀመሩት ሰበብ ነው። የሚነግራችሁ ሰው በሕይወት ሳለ ጆሯችሁን ክፈቱ፤ የሰማችሁትንም በዚያው ቀን ጻፉት። እኔ ያወረሱኝን አወረስኋችሁ፤ አፌ እዚህ ላይ ይረፍ፣ ቃሌ ከእናንተ ጋር ይደር።